ረጅም ተራራ ለመውጣት በስንት ሰዓት እንነሣ?

ባለፉት ምንባቦች ሰዓት ማንበብን ተምረናል። አጭሩ ጠቋሚ ሰዓቱን፣ ረጅሙ ጠቋሚ ደቂቃውን እንደሚያሳይ አይተናል። ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ አባት ብድግ ብለው «ማንበቡንስ አነበብነው፤ ግን ምን ይሠራልናል? እኛ እንደሆን ፀሐይዋን አይተን እንውላለን» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በቂ መልስ ስላልሰጠኋቸው ይህን ጽሑፍ ጻፍኩ።

ሰዓት ማንበብ አንድ ነገር ነው። በሰዓት ማሰብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሰዓት የሚያነብ ሰው «አሁን 3 ሰዓት ነው» ይላል። በሰዓት የሚያስብ ሰው ግን «ከምሽቱ በፊት ቤቴ እንድገባ ጠዋት በስንት ሰዓት ልነሣ?» ብሎ ይጠይቃል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ሁለተኛው ነው። ምሳሌ የሚሆነንም ራስ ደጀን ነው።

ራስ ደጀን በሰሜን ተራሮች ውስጥ ይገኛል። በአገራችን ካሉት ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። ከፍታው 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ ማለት ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ ላይ የሚለካ ርቀት ነው። በድሮ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ተጽፎ ታገኙት ይሆናል። ተራራው አጥሮ አይደለም፤ የተሻሻለው መለኪያው ነው።

«እዚያ ላይ ምን ሥራ አለን?» የሚል አይጠፋም። የሰሜን ገበሬ ግን ሥራ አለው። ከብት ሲጠፋበት ይወጣል። በጓሳው በግ ያስግጣል። ወደ ገበያ ሲሄድ በሩን ያቋርጣል። በር ማለት በሁለት ተራሮች መካከል ያለ መተላለፊያ ነው። ከዚህም ሌላ የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ ዋልያውን፣ ጭላዳውንና ተራራውን ለማየት እንግዳ ከሩቅ አገር ይመጣል። እንግዳውን የሚመራው፣ በቅሎውን የሚጭነው፣ ጠመንጃ ይዞ የሚጠብቀው የአገሩ ሰው ነው። እንግዳው አንድ ጊዜ ይወጣል፤ መሪው ግን ዓመቱን ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ በመነሻ ሰዓት ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መሪው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም።

በኅዳር ወር መጨረሻ ላይ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ሆነን ራስ ደጀንን ለመውጣት ወደ አምቢቆ ሄድን። አምቢቆ በተራራው ግርጌ ያለች መንደር ናት። ከፍታዋ 3,200 ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው እዚያ አድሮ በማግስቱ ወደ ጫፉ ወጥቶ ይመለሳል። መንገድ የሚመሩን አንድ አባት ነበሩ። የ16 ዓመት ልጃቸውም ስንቅ ሊይዝልን አብሮን ነበር።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ እሳቸው «ሁለተኛው ዶሮ ሲጮህ እንነሣለን» አሉ።

እኔ ሰዓቴን አየሁ። ከዚያም እርሳስ አውጥቼ ሂሳብ ሠራሁ። ከአምቢቆ እስከ ጫፉ ያለው መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው በደልዳላ መንገድ በአንድ ሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 11 ለ4 ሲካፈል 3 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

«አባት፣ በዶሮ ጩኸት መነሣት አያስፈልገንም» አልኳቸው። «በ3 ሰዓት እንደርሳለን። ቁርስ በልተን፣ ፀሐይ ሞቀን እንነሣ።»

«ልጄ፣ አንተ ያወቅኸውን አታውቅም አልልህም» አሉኝ። «ግን ጉሙ ቀን ሲሆን ይነሣል። ጉም ደግሞ አስተያየት አያደርግም።»

«ግዴለም፣ አይዞዎት» አልኳቸው። አይዞዎት ያልኩት እኔ ነኝ! ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይቀላል። ሰውየው ያን ዳገት ከልጅነታቸው ጀምሮ የወጡት ናቸው። ተማሪ ስለሆንኩና ሰዓት ስላሰርኩ ብቻ አክብረው ዝም አሉ።

በማግስቱ ውርጩ ጣት ያደነዝዝ ስለነበር ከእሳቱ ዳር ለመነሣት ሰነፍን። ሻይ እስኪፈላ፣ ገንፎው እስኪበስል ጊዜው ሄደ። የተነሣነው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የገብሱን ማሳ አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ ነበር። እኔም ለጓደኛዬ «አየህ?» አልኩት። ወደ ላይ እየወጣን ስንሄድ አስታው አለቀ። ጓሳውና ጅባራው ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ እግሬ ከበደኝ፤ ልቤ እንደ ነጋሪት ይመታ ጀመር። 20 እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። እንደገና 20 እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። ጓደኛዬንም ራሱን ያመው ጀመር።

ወደ 6 ሰዓት ገደማ ከዋናው ጫፍ በታች ካለው ከፍተኛ ቦታ ደረስን። ወደ ኋላ ዞር ስንል ከሸለቆው ነጭ ጉም ተነሥቶ ይከተለናል። መሪያችን ቆሙ። «እንመለስ። ተራራው ነገም አለ» አሉ። እኛ ግን «ትንሽ ነው የቀረን» አልን። ጫፉ ላይ የደረስነው በ8 ሰዓት ነው። ጉሙም አብሮን ደረሰ። ከኢትዮጵያ ሁሉ በላይ ቆመን የገዛ እግራችንን እንኳ በግድ ነበር የምናየው።

ከ15 ደቂቃ በኋላ መውረድ ጀመርን። በድንጋዮቹ መካከል መንገዱ ጠፋን። እሱን ስንፈልግ 1 ሰዓት አለፈ። መንገዱን ካገኘን በኋላ ብንፈጥንም ፀሐይ አልጠበቀችንም። በኅዳር መጨረሻ በዚያ አገር ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ስትጠልቅ ገና የ1 ሰዓት ከሩብ መንገድ ይቀረን ነበር። የያዝነው የእጅ ባትሪ አንድ ነበር፤ እሱም ጥቂት አብርቶ ደከመ። በጨለማው ልጁ ድንጋይ ረግጦ ተንሸራተተ፤ እግሩም ወለም አለው። መራመድ አቃተው።

ያን ሌሊት የበግ እረኞች በካቡት የድንጋይ መጠለያ ውስጥ አደርን። ጣራ አልነበረውም። መሪያችን ደበሏቸውን ገፈው በልጁና በጓደኛዬ ላይ ጣሉ። እኔ «አንቱስ?» ብላቸው «እኔ ለምጄዋለሁ» አሉ። ብርድን ማን ይለምደዋል? ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለው ሲንቀጠቀጡ አዳምጫቸዋለሁ።

ስለ እኔ አንድም ቃል አልወቀሱኝም። ሲነጋ ልጁን ተሸክመን ወረድን። ወጌሻ አሸው። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ነገር ግን ወር ያህል አነከሰ። ወሩ ደግሞ የገብስ አጨዳና የውቂያ ወር ነው። በዚያ ቤት ለሥራ የደረሰ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነበር። ጎረቤት በደቦ ረዳቸው እንጂ አዝመራው በማሳው ይቀር ነበር። እኔም ለጥቂት ቀን አውድማ ላይ በሬ ነዳሁ፤ ግን እኔ በሬ መንዳት ስለማላውቅ ጥቅሜ ይህን ያህል አልነበረም።

አሁን ስሕተቱን እንመርምር። የማካፈል ሂሳቤ ልክ ነበር። 11 ለ4 ሲካፈል በርግጥ ከ3 ያንሳል። የተሳሳተው የዘነጋሁት ቁጥር ነው። የመንገዱን ርዝመት ቆጠርኩ፤ የዳገቱን ቁመት ግን አልቆጠርኩም።

ቁመቱን እንፈልግ። ጫፉ 4,550 ሜትር ነው። አምቢቆ 3,200 ሜትር ናት። ስንቀንስ 1,350 ሜትር ይመጣል። ይህም ማለት ሰውየው 11 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ 1,350 ሜትር ወደ ላይ ራሱን ይሸከማል ማለት ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1892 ለዚህ የሚሆን ደንብ ጽፎ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ለመንገዱ ርዝመት የሚያስፈልገውን ጊዜ አስላ። ከዚያ በላይ ለ600 ሜትር ከፍታ 1 ሰዓት ጨምር። እሱ በአንድ ሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን ብሎ ነው የጻፈው። የሱ አገር ተራራ ግን ከሰሜን ተራሮች በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ ለኛ 4 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

እንሥራው። ለ11 ኪሎ ሜትር 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ለ1,350 ሜትር ከፍታ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። ሲደመር 5 ሰዓት። እኔ 3 ሰዓት ያልኩት መንገድ 5 ሰዓት የሚፈጅ ነበር። በየመሐሉ ያረፍንበት ሲጨመር 6 ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም።

ለምን እንደዚያ እንደደከምን ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በባሕር ዳር ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን 100 እጅ ነው ብንል፣ በራስ ደጀን ጫፍ ላይ ያለው የሚያገኘው ወደ 57 እጅ ብቻ ነው። ኦክሲጅን ማለት ለሰውነታችን ጉልበት፣ ለእሳትም መንደድ የሚያስፈልገው የአየር ክፍል ነው። ስለዚህ ደረት ይቸኩላል፤ ልብም ይቸኩላል። የደጋ ሰው ሰውነቱ ስለለመደው ይችለዋል። ከቆላ የመጣ ግን በመጀመሪያ በ3,000 ሜትር አካባቢ ሁለት ሦስት ሌሊት ማደር አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንደ ሰከረ መንገዳገድ ከታየበት መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ወደ ታች ማውረድ ነው። ማልዶ መነሣት ይህን በሽታ አይከለክለውም። ነገር ግን አርፍዶ የተነሣ ሰው ይጣደፋል። መጣደፍ ደግሞ በሽታውን ያብሰዋል።

ወደ ጉሙ እንመለስ። መሪያችን «ጉሙ ቀን ሲሆን ይነሣል» ያሉት በልምድ ነው። ሳይንሱም ይስማማል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መሬቱን ታሞቃለች። መሬቱ አየሩን ያሞቃል። የሞቀ አየር ይቀልላል፤ ስለዚህ ከምድጃ እንደሚነሣ ጢስ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ከሸለቆው፣ ከወንዙና ከማሳው የወሰደውን እርጥበት ይዞ ነው። ከላይ ብርድ ይቆየዋል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ድስት ስትከድኑ ምን እንደሚሆን አይታችኋል፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። በተራራው ላይም እንደዚሁ ነው። እርጥበቱ ይቀዘቅዝና ደመናና ጉም ይሆናል። ድስቱ የሚፈላው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ስለሆነ ጠዋት ሰማዩ ይጠራል፤ ከቀትር በኋላ ይከደናል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ሙሉ ቀን ጠርቶ የሚውልበት ጊዜ አለ። በበልግ ግን ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ብዙ ነው። በክረምት ጠዋቱም ቢሆን አይታመንም፤ መሸሓ ወንዝም ይሞላል። በዚያ ወራት ወደ ጫፉ ባይሄዱ ይሻላል።

ነጎድጓድ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። በተራራው አናት ላይ ዛፍ የለም። ሰው ከቆመ ከአካባቢው ሁሉ የረዘመው እሱ ነው። መብረቅ ደግሞ ረጅሙን ይመርጣል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ በሰከንድ ቁጠሩ። 3 ሰከንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ነው። 9 ከቆጠራችሁ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው ያለው፤ ይህም ቅርብ ነው። ያን ጊዜ ሳትቆሙ ከአናቱ ውረዱ። ቀድሞውኑ በ6 ሰዓት ከአናቱ የወረደ ሰው ግን ይህን ሁሉ መቁጠር አያስፈልገውም።

እንግዲህ ሰዓቱን እንዴት እንቁረጥ? አብዛኛው ሰው ከመነሻው ይቆጥራል። «በ2 ሰዓት እነሣለሁ፤ የምደርስበት ጊዜ ደግሞ እንዳደረሰኝ» ይላል። እኛ ከመግቢያው ጀምረን ወደ ኋላ እንቆጥራለን።

በመጀመሪያ፣ ቤት በስንት ሰዓት መግባት አለብን? ፀሐይ በ12 ሰዓት ትጠልቃለች። ነገር ግን 12 ሰዓት ላይ እንግባ አንልም። አንድ ነገር ቢደርስብን፣ እግር ወለም ቢል፣ ጉም ቢይዘን፣ የምናጠፋው ብርሃን ያስፈልገናል። ስለዚህ 2 ሰዓት እናስቀር። መግቢያችን 10 ሰዓት ይሁን። ይህ የተቀመጠ 2 ሰዓት እንደ ዘር እህል ነው፤ አይበላም።

ቀጥሎ፣ መንገዱ በጠቅላላ ስንት ይፈጃል? መውጫው 5 ሰዓት ነው። በጫፉ ላይና በየመንገዱ ለማረፍ 1 ሰዓት። መውረጃው 4 ሰዓት። አንዳንዱ «ቁልቁለት ምን አለው» ይላል፤ ነገር ግን የደከመ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ሰው የሚወድቀውም ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ሲደመር 10 ሰዓት ይሆናል።

አሁን ከ10 ላይ 10 እንቀንስ። ዜሮ ይመጣል። ዜሮ ሰዓት አለ ወይ? በኛ አቆጣጠር የቀኑ መቁጠሪያ የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። 12 ሰዓት የሌሊቱ መጨረሻ ነው፤ የቀኑም ዜሮ እሱ ነው። ስለዚህ መልሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት ብንነሣ ጫፉ ላይ ወደ 5 ሰዓት ተኩል እንደርሳለን፤ ከጉሙም እንቀድማለን።

ይህ ግን ሁሉ ነገር ልክ ሲሄድ ነው። ከመካከላችን አንድ ቀርፋፋ ካለ፣ ጫማ የሚያስር፣ ስንቁን የረሳ ካለ (ሁልጊዜም አለ) አንድ ሰዓት እንጨምርለት። ከ12 ላይ 1 ሲቀነስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ሁለተኛው ዶሮ የሚጮኸው በስንት ሰዓት ነው? በዚያው አካባቢ ነው። ሂሳቡን ሠርቼ ስጨርስ ያገኘሁት ሰውየው ያለ ወረቀት ማታ እሳት ዳር የነገሩኝን ሰዓት ነው።

«ታዲያ እሳቸው ያለ ሂሳብ ካወቁት ሂሳቡ ለምን?» ትሉ ይሆናል። እሳቸው ያወቁት ለዚያ ተራራ፣ ለራሳቸውም እግር ነው። የማያውቁት ሰው፣ የማያውቁት መንገድ ሲመጣባቸው ግን ሂሳቡ ይረዳቸዋል። ደግሞም እንደ እኔ ያለ ሰዓት ያሰረ ወጣት ሲከራከራቸው ወረቀቱን ዘርግተው «ና፣ አብረን እንደምር» ሊሉት ይችላሉ።

የመነሻ ሰዓት ብቻውን አይበቃም። የመመለሻ ሰዓትም መቆረጥ አለበት። የመመለሻ ሰዓት ማለት፣ ጫፉ ላይ ብንደርስም ባንደርስም ፊታችንን ወደ ቤት የምናዞርበት ሰዓት ነው። ለራስ ደጀን 6 ሰዓት ይሁን። በ6 ሰዓት የዞረ ሰው 4 ሰዓት ወርዶ በ10 ሰዓት ይገባል። ይህን ሰዓት ማታ፣ ሆድ ሳይብስ፣ ጭንቅላት ሳይዞር መቁረጥ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ሲደረስ ጫፉ ቅርብ መስሎ ይታያል፤ «ትንሽ ነው» የሚለው ቃልም ቶሎ ይመጣል። እኔ 6 ሰዓት ላይ ያልኩትን አስታውሱ። ከዚያ በኋላ ጫፉ ላይ ለመድረስ 2 ሰዓት ፈጅቶብናል።

እንግዳ ስትመሩ ደግሞ ይህን ማታውኑ ንገሩት። አንዳንዱ መሪ «ከፋዩ እሱ ነውና ሰዓቱን እሱ ይቁረጥ» ይላል። ይህ ለኔ ልክ አይመስለኝም። በቅሎ የሚያከራይ ሰው የበቅሎዋን ጭነት ራሱ ይወስን የለም? ከፋዩ ሲንቀዠቀዥ ቢገኝ እንኳ፣ «በ11 ሰዓት እንነሣለን፤ በ6 ሰዓት የትም ብንሆን እንመለሳለን» ብሎ ሁሉም በተሰበሰበበት መናገር ይገባል። ማታ የተባለ ነገር ጠዋት ጠብ አያመጣም። ከጨነቅ ተነሥቶ በአንድ ቀን ራስ ደጀን ደርሼ በእግር ልመለስ የሚል እንግዳ ከመጣም ደህና አድርጋችሁ አስረዱት። ጨነቅ በ3,620 ሜትር ላይ ናት፤ ከዚያ ወደ ቧሂት በር ይወጣል፤ ከበሩ እስከ መሸሓ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ወደ አምቢቆ ይወጣል። ራስ ደጀን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሄደበትን ሁሉ ደግሞ መልሶ ይሄደዋል። ይህ የአንድ ቀን መንገድ አይደለም።

በሌሊት ለሚነሣ ሰው ጥቂት ዝግጅት ያስፈልገዋል። ምግቡ ማታ ይዘጋጅ። በከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ ባቄላም ሆነ ሥጋ ቶሎ አይበስልም። ጠዋት እሳት አንድዶ ሊያበስል የተቀመጠ ሰው ሰዓቱን እዚያው ያቃጥለዋል። በሶ ማታ ይበጠበጥ፤ ቆሎም በስልቻ ይግባ። ከአምቢቆ እስከ ጫፉ 8 ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ብርድ አለ፤ ነፋሱ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጋቢውም ሆነ ደበሎው «ሲሞቅ ይከብደናል» ተብሎ አይቅር። የእጅ ባትሪ ለሁለት ሰው አንድ ይኑር፤ መለዋወጫ ድንጋዩም ሞቅ እንዲል በጉያ ይያዝ፤ ብርድ ያደክመዋልና።

ጨረቃን መጠቀም ይቻላል፤ ግን የትኛዋን ጨረቃ? አዲስ ወጥታ ማታ ማታ የምትታየው ጨረቃ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ለሌሊት መንገደኛ አትሆንም። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ማታ ወጥታ እስኪነጋ ትቆያለች። ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ ዘግይታ ትወጣና ሊነጋጋ ሲል ሰማዩ ላይ ትገኛለች። በ11 ሰዓት ለሚነሣ ሰው የሚጠቅሙት እነዚህ ቀኖች ናቸው። ገበሬ ይህን ከኔ ይበልጥ ያውቀዋል፤ ከሰዓቱ ጋር አያይዛችሁ እንድታስቡት ብዬ ነው ያነሣሁት።

ይህ ሂሳብ ለራስ ደጀን ብቻ አይደለም። ለጉናም፣ ለጮቄም፣ ለአቡነ ዮሴፍም ይሠራል። ታቦት ለመሳለም ረጅም ዳገት ለምትወጡ፣ ገበያ ውላችሁ በር አቋርጣችሁ ለምትገቡም ይሠራል። ቁጥሩን እንደየአገራችሁ መለወጥ ብቻ ነው።

መልመጃ። የሚከተሉትን በደብተራችሁ ሥሩ።

አንደኛ። አንድ ቡድን ከመንደሩ ወደ ተራራ ጫፍ ሊወጣ ነው። መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገቱ 900 ሜትር ቁመት አለው። መውረጃው 3 ሰዓት፣ ዕረፍቱ 1 ሰዓት ይፈጃል። በ10 ሰዓት ቤት መግባት ይፈልጋሉ። በስንት ሰዓት መነሣት አለባቸው? (መልሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ያልመጣለት ሰው እንደገና ይሞክር።)

ሁለተኛ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ስላሉ መውጫው 1 ሰዓት፣ መውረጃውም 1 ሰዓት ተጨመረበት። አሁንስ በስንት ሰዓት ይነሡ?

ሦስተኛ። ሰዓቱ 6 ሆኗል። የመመለሻው ሰዓት ይህ ነበር። ሰማዩ አሁንም ጥሩ ነው፤ ጫፉም ይታያል። እንግዳው «ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የቀረን፤ ዋጋውን እጨምርላችኋለሁ» ይላል። ልጃችሁ ስንቅ ተሸክሞ ከኋላችሁ ቆሟል። ለእንግዳው ምን ትሉታላችሁ? በራሳችሁ ቃል ጻፉት።